የአንድ ቀን ፋብሪካ

አልጋዋ ከመኝታ ቤቷ የወጣው ገና እህል ሳትቀምስ ነበር። ወይዘሮ ሃረገወይን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በረንዳው ላይ ቆማ ታያለች፤ አራት ኩሊዎች ያንን ባለ ናስ ራስጌ አልጋ በአራት ማዕዘኑ ይዘው፣ በሳሎኑ አሳልፈው፣ ጓሮ ወዳለው ሰርቪስ ይወስዱታል። አንሶላው እንኳ አልተገፈፈም። ትራሷ የጭንቅላቷን ስርጉድ እንደያዘ በጠራራ ፀሐይ በሰው ፊት አለፈ። የሰው አልጋ እንዲህ ከነአንሶላው ደጅ የሚወጣው አንድም ባለቤቱ ሲሞት፣ አንድም ቤቱ ሲቃጠል ነው። እሷ አልሞተችም፣ ቤቱም አልተቃጠለም፤ አልጋውን ያስወጣው የገዛ ወንድሟ ነው። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ አንድ የጭነት መኪና የኋላውን ለግቢው በር ሰጥቶ ቆሟል፤ ከላዩ የልብስ ስፌት መኪናዎች ይወርዳሉ። አንዳቸውም አዲስ አይደሉም። የአንዱ መርገጫ በሽቦ ታስሯል፣ የሌላው ክዳን የለም፣ ሁሉም ግን ለዛሬ ተብለው ዘይት ተቀብተዋል።

«ለአንድ ቀን ብቻ ነው እትዬ» አላት ወንድሟ ጸጋይ። አምና ይህን ጊዜ ከረባት ሳያስር ከደጅ የማይወጣ ሰው ዛሬ ካኪ ኮት ለብሷል፤ የሱቁ እጥፋት ገና ከኮቱ ላይ አልለቀቀም። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቀበሌው ኮሚቴ ይመጣል፣ ሴቶቹ ሲሰፉ ያያል፣ ይሄዳል። ማታ አልጋሽ ቦታው ይመለሳል። አንቺ ለዛሬ የድርጅቱ ጽዳት ነሽ። ከጠየቁሽ ‹የማድረው ሰርቪሱ ውስጥ ነው› ትያቸዋለሽ። ሌላ ምንም አትናገሪ፤ የቀረውን ለኔ ተዪው።»

«ጽዳት?» አለች።

«ስም ነው እንጂ እትዬ! ስም ምን ይጎዳል?»

ሃረገወይን ስም ምን እንደሚጎዳ ታውቃለች፤ ለዚህ ያበቃት ስም ነው። ቤቱን የሠራው ባሏ ዘርአጽዮን ነበር፤ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። አውሮፕላን ማረፊያው ዕቃ ክፍል ሲሠራ፣ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ገና ከብት ይሰማራበት በነበረ ጊዜ፣ መሬቱን ገዝቶ ከደሞዙ እየቆነጠረ ያቆመው ነው። በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጸጋይ መጣና፣ ቦሌ መንገድ ዳር ለፈረንጅ የሚከራዩ ቪላዎች እንሥራ፣ ባንኩ ያለ መያዣ አያበድርም፣ የቤተሰብ ኩባንያ እናቁም፣ እናንተ ቤታችሁን በአክሲዮን አስገቡ አላቸው። «ኩባንያ ማለት» አለ ያኔ፣ እግሩን አነባብሮ፣ «በሕግ ዓይን ራሱን የቻለ ሰው ነው። ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ቢከስር ዕዳው የሱ ነው እንጂ የእናንተን ደጅ አያንኳኳም። ደግሞም እንደ ሰው አይሞትም።» ዘርአጽዮን ጥቂት አሰበና «የማይሞት ሰው ያስፈራኛል» አለ። ያም ሆኖ ፈረመ። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ ጸጋይን ከአክሱም አስመጥተው በዚሁ ሳሎን እያስተኙ ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ለልጅ ያልተፈረመ ለማን ይፈረማል? «ጸጋይና ቤተሰቡ ኩባንያ» ቦሌ መንገድ ላይ ሦስት ቪላ ሠራ፤ ትልቁ በወር ስድስት መቶ ብር ይከራይ ነበር። በየእንቁጣጣሹ ጸጋይ የድርሻቸውን በፖስታ፣ ሙክቱን በመኪና ጭኖ ይመጣል። ዘርአጽዮን ፖስታውን ሳይከፍት ለሚስቱ ይሰጣትና ሙክቱን ሊያይ ይወጣል።

ታዲያ ባለፈው ሐምሌ አዋጁ ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለሰው አንድ መኖሪያ ቤት፣ ለድርጅት ሥራውን የሚሠራበት ቤት፤ የቀረው ይወረሳል። ሦስቱ ቪላዎች ባንድ ጊዜ ሄዱ። ሃረገወይን ያለችበት ቤት የሷ እንዳልሆነ የገባት ያኔ ነው። ቤቱ የኩባንያው ነው፤ ኩባንያ ደግሞ አልጋ ላይ አይተኛምና መኖሪያዬ ነው ሊል አይችልም። «የምኖርበት እኔ፣ ለምን በኔ ስም አይመዘገብም?» እያለች ደጋግማ ጠይቃዋለች። «ወረቀቱ እንዲያ አይልም። መሥሪያ ቤት ነው ብለን እናትርፈው፤ ይሄ ግርግር ሲያልፍ ያንቺው ነው» ይላታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የራሱን ቪላ ግን ጸጋይ ኩባንያው ውስጥ አስገብቶት አያውቅም፤ ከጥንቱም በሚስቱ በኣምለሰት ስም ነበር። «የእናንተውስ?» ብላ ያኔ አልጠየቀችም። ወንድምን እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ያሳፍራት ነበር። አሁን ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳት ያ ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ ነው።

ኩሊዎቹ ሰርቪሱ ውስጥ ቦታ ጠበባቸው። ግማሹን የያዘው የዕድሩ ዕቃ ነው፤ ድንኳኑ ተጠቅልሎ ግድግዳውን ተደግፏል፣ ምሰሶዎቹ ከጎኑ ቆመዋል፣ ትላልቆቹ ድስቶች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል። የሰፈሩ ዕድር ደንብ አለው፤ ዕቃውን አደራ የሚሰጠው የራሱ ቤት ላለው ሰው ነው፤ ተከራይ ቢሆን ባንድ ቀን ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ይችላላ። በዘርአጽዮን ጊዜ የገባ አደራ እሱ ሲሞትም ከሷ ዘንድ አልተነሳም። «ይሄ አሮጌ ሸራ ምን ይሠራል? አውጥታችሁ ጣሉት!» አለ ጸጋይ ከበሩ ሆኖ። «እሱ አይነካም!» አለች። ምን እንደሆነ ልትነግረው ስትል ፊቱን አዙሮ ስለ ስፌት መኪናዎቹ አቀማመጥ ማዘዝ ጀምሯል። የዘርአጽዮን ለቅሶ ጊዜ ጥቁር ለብሶ ከዚያው ድንኳን ሥር ሦስት ቀን ተቀምጧል፤ ግን ድንኳን ሲጠቀለል የሚያየው የዕድር ሰው ነው እንጂ ለቀስተኛ አይደለም። እሱ በሚኖርበት በቦሌ መንገድ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ፈረንጅ ነበር፤ ፈረንጅ ዕድር የለውም።

በመጨረሻ ቡፌው ወጣ። ዘርአጽዮን ለሠርጋቸው በጣሊያን አናጢ ያሠራው የዋንዛ ቡፌ ነው፤ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ከዚያ ግድግዳ ተላቆ አያውቅም። «በሰርቪሱ በር አያልፍም፤ እኛ ጋ ይደር» አለና ጸጋይ በመጣው የጭነት መኪና ላይ አስጫነው። ቡፌው የነበረበት ግድግዳ ላይ የድሮው አረንጓዴ ቀለም በቁመቱ ልክ ቀርቷል፤ ሰው ዓይኑን ሳያሳርፍበት የሚያልፈው አልነበረም። ሃረገወይን በስፌት መኪናዎቹ መካከል እየተሽሎከሎከች አየቻቸው። መርፌ አላቸው፣ መርገጫ አላቸው። ክር የላቸውም። አንድም የክር ጥቅል ማንም አላመጣም። ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ለምን እንደዘጋችው ያን ሰዓት ራሷም አላወቀችውም።

ጸጋይ የሚሰፉ ሴቶች ሊያመጣ ሲሄድ ሸሪፋ ገባች። ሸሪፋ ጎረቤቷ ናት፤ ከስልጤ አገር መጥታ ቦሌ ሚካኤል በር ላይ ቅቤና በርበሬ ስትነግድ ያረጀች፣ ባሏንም ሁለት ልጆቿንም በዚያው ንግድ ያስተዳደረች ሴት ናት። በሩ ላይ ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ሃረጉ፣ ፋብሪካ ከፈትሽ አሉ! እኔን ሳትነግሪ?»

«ለአንድ ቀን ነው» አለች ሃረገወይን፣ ከወንድሟ የተቀበለችውን ቃል እንዳለ እየደገመች።

ሸሪፋ ሳሎኑን ዞራ አየችና ዓይኗ ባዶው ግድግዳ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ቡፌውስ?»

«ጸጋይ ቤት ይደር ብሎ።»

«ለአንድ ቀን? ለአንድ ቀን ይሄን የሚያህል ቡፌ ቦሌ መንገድ ድረስ?» ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ነጋዴ ነኝ እህቴ። ለአንድ ቀን የማስቀምጠውን ዕቃ ከጓዳዬ አላርቀውም። ወንድምሽ ነው፣ አላማውም። ብቻ ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር።» በርበሬ የነካ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ የቅቤ ዋጋ በኪሎ ሃምሳ ሳንቲም መጨመሩን አውርታ፣ ሄደች። ሰው የሚያቃጥል ነገር ተናግሮ ስለ ቅቤ ሲያወራ፣ የሚቀረው የቅቤው ወሬ አይደለም።

ሃረገወይን ትንሽ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ የስፌት መኪና ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች። በገዛ ሳሎኗ የምትቀመጥበት አጣች። ነጠላዋን ለውጣ ወጣችና በሃያ አምስት ሳንቲም ታክሲ ያዘች። ትንሿ ሴይቼንቶ መኪና ውስጥ አምስት ሆነው ተጠጋግተው ሲሄዱ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ብሏል፤ በዚያ ዓመት ታክሲ ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር የሚወራው ስለ ብርድ ብቻ ነው፤ የጥቅምት ብርድም ተወርቶ አልቋል። ቦሌ መንገድ ሲደርሱ ከኩባንያው ቪላዎች አንዱን በመስኮት አየችው። አጥሩ ላይ በኖራ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ፈረንጁ የተከላቸው ጽጌረዳዎች መካከል ገመድ ተዘርግቶ የወታደር ሸሚዝ ተሰጥቶበታል። አላሳዘናትም። ያንን ቤት ተኝታበት አታውቅም።

የጸጋይ ቤት ዘበኛ እንደወትሮው «ደህና አደሩ እትዬ» ብሎ ከፈተላት። ኣምለሰት ዘመናይ ሴት ናት፤ ፀጉሯን በፈረንጅ ፋሽን የምትሠራ፣ ስትናገር ድምጿን ዝቅ የምታደርግ፣ እንግዳ ሳይታሰብ ሲመጣባት የማትደነግጥ። ዛሬ ግን ደነገጠች። በረንዳው ላይ እንቀመጥ አለች፣ ፀሐዩ ደስ ይላል አለች፣ ሻይ ላምጣ አለች። ሃረገወይን «ብርድ ይዞኛል፣ እቤት ልግባ» ብላ አልፋት ገባች። ቡፌው ምግብ ክፍሉ ውስጥ፣ በሁለት መስኮት መካከል፣ ልክ ለዚያ ቦታ እንደተሠራ ቆሟል። ተወልውሏል። ከላዩ ዳንቴል ተነጥፏል። ከመስታወቱ ጀርባ የኣምለሰት ጠርዘ ወርቅ ብርጭቆዎች በሰልፍ ተደርድረዋል፣ ከሥር ሳህኖቹ፣ ከሳህኖቹ ሥር ለፋሲካ ብቻ የሚወጡት ማንኪያዎች።

ለአንድ ቀን በተቀመጠ ዕቃ ላይ ማንም ብርጭቆ አይደረድርም። ሃረገወይን ይህን ለማወቅ የሕግ ሰው መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ሻዩ መጣ። ሁለቱ ሴቶች ትይዩ ተቀምጠው ስኒያቸውን አማሰሉ፤ ስኳሩ ከሟሟ በኋላም አማሰሉ። ዝምታውን ያልቻለችው ኣምለሰት ናት፤ ዝም ማለት የማይችል ሰው ደግሞ ደግ ነገር የተናገረ እየመሰለው ሁሉን ያወጣዋል። «እትዬ፣ እኛም እኮ አስበንበታል። በበሩ በኩል ያለችውን ክፍል ቀለም አስቀብተንልዎታል። ከዘበኛው ክፍል ጎን ናት፣ ግን ፀሐይ ታገኛለች። ከእንግዲህ እዚያ ብቻዎን ምን ያደርጋሉ? ሰውዬው ሠራተኞቹን ይዞ ሲገባ ጫጫታውም አያስተኛዎትም።»

«የቱ ሰውዬ?»

ኣምለሰት ስኒዋን አስቀመጠች። «የስፌት መኪናዎቹ ባለቤት። ኩባንያው ውስጥ በአክሲዮን ሊገባ አይደል? የሱ መኪና፣ የኛ ቤት... ጸጋይ አልነገርዎትም እንዴ?»

«ነግሮኛል» አለች ሃረገወይን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሻይዋን እስከ መጨረሻው ጠጣች፣ ስለ ሻዩ አመሰገነች፣ ደጁ ላይ ከዘበኛው ክፍል አጠገብ ያለችውን አዲስ ቀለም የተቀባች ክፍል አየት አድርጋ ወጣች። ከዚያ በኋላ ነው የተቃጠለችው። መንገዱን ግማሹን በእግሯ ሄደች፤ ታክሲ ባለፈ ቁጥር እጇን ማንሳት ትረሳለች። ያሳደግኩት ልጅ ነው ትላለች፣ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ቡፌውን ከሳሎኗ ሲያወጣ ጠላቷ እንኳ ቢሆን ትንሽ ያፍር ነበር፤ እሱ ግን «ቀስ በሉ፣ መስታወቱን» እያለ ነበር ያስጫነው። የከፋት ቤቱን መቀማቷ ብቻ አይደለም። እሷ በሌለችበት፣ ብርጭቆ እየደረደሩ፣ የምትገባበትን ክፍል ቀለም መርጠውላታል።

ስትመለስ ሳሎኑ ሞልቷል። ስምንት ሴቶች በስምንት ስፌት መኪና ተቀምጠዋል፤ አብዛኛዎቹ የኣምለሰት የሩቅ ዘመዶች ናቸው፣ አንዷ ጥፍሯን ቀለም ተቀብታለች። ጸጋይ ለሁሉም ጨርቅ አድሎ «መርገጫውን ብቻ ርገጡ» ይላቸዋል። ሃረገወይንን ሲያይ መጥረጊያ አቀበላት። ተቀበለችው። እጁን ሳይሆን ፊቱን አየችው፤ እሱ መጥረጊያውን እንጂ ፊቷን አላየም።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። መሪው አቶ ዱባለ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ጣውላና ቆርቆሮ የሚሸጡ፣ አዲስ የተቋቋመው ቀበሌ ሊቀ መንበር አድርጎ የመረጣቸው ጉራጌ። እጃቸው ላይ ሥልጣን ከገባ ወር አልሞላውም፤ በሰፈሩ ያለው ሰው ሁሉ የቱን ያህል እንደተለወጡ ለማየት ያጤናቸዋል። ሳሎኑ ደፍ ላይ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፋብሪካ ሲገባ ባርኔጣ አይወልቅም፤ እጃቸው ግን ይህን ደፍ ሲያልፍ የለመደው እንዲያ ነው፤ ዘርአጽዮን የሞተ ዕለት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ሴቶቹ መርገጥ ጀመሩ። ሳሎኑ ባንድ ጊዜ ተንጫጫ። ጸጋይ ድምጹን ከፍ አድርጎ ስለ ርካሽ ልብስ፣ ስለ ሰፊው ሕዝብ፣ ስለ ሴቶች ሥራ ማግኘት ተናገረ፤ «ጓድ ሊቀ መንበር» የሚለው ቃል ገና አፉ ላይ አልለሰለሰም። ዱባለ ይሰማሉ፤ ዓይናቸው ግን ግድግዳው ላይ ቡፌው የነበረበትን አረንጓዴ ቦታ ያያል። ከዚያ ባለ ቀለም ጥፍሯን ልጅ ጠጋ ብለው ጨርቁን አነሱት። መርፌው ጨርቁን በሳስቶታል። አንድም ስፌት የለበትም። ጨርቁን መልሰው አስቀመጡት።

«ጓሮውንም እንይ» አሉ።

ሰርቪሱ ውስጥ አልጋው እንደ ጠዋቱ ከነአንሶላው ቆሟል፤ ከጎኑ የተጠቀለለው ድንኳን። ዱባለ ድንኳኑን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። «ይሄስ የማን ነው?»

«የድርጅቱ ነው» አለ ጸጋይ ሳያመነታ። «የዕቃ መሸፈኛ ሸራ ነው፤ ድርጅታችን ለጭነት የሚጠቀምበት።»

ከዱባለ ጋር ከመጡት ሁለቱ ሰዎች አንዱ አሳለ። ሦስቱም አባታቸውን ይሁን እናታቸውን ያለቀሱት ከዚያ ሸራ ሥር ነው። ዱባለ ባለፈው ዓመት ሚስታቸውን ሲቀብሩ አንዱ ምሰሶ ተሰብሮ በገዛ ጣውላቸው የጠገኑት ራሳቸው ናቸው፤ ጥገናው እዚያው ይታያል። ቤቱን በኩባንያ ስም ልያዝ ያለ ሰው የሰፈሩን ለቅሶም ጨምሮ ያዘ።

«እትዬ ሃረገወይን» አሉ ዱባለ፤ ዞር ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገሯት። «ይህ ምንድን ነው?»

«የዕድራችን ድንኳን ነው።»

«ማን ጋ ነው ያስቀመጥነው?»

«እኔ ጋ።»

«ዕድሩ አደራ የሚሰጠው ለማን ነው?»

ወዴት እየወሰዷት እንደሆነ ገባት። «ቤት ላለው ሰው» አለች።

«እንግዲያ ቤቱ የማን ነው?»

መጥረጊያው እጇ ላይ ነው። ወንድሟን አየችው። የኔ ነው ብላ ዝም ብትል ጸጋይ ኮሚቴ ፊት የዋሸ ሰው ሊሆን ነው፤ በዚያ ሰሞን የዋሸ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ማንም አይጠይቅም፣ ባለፈው ሳምንት ገርጂ መንገድ ላይ ካለው ወፍጮ ቤት የወሰዱት ሰውዬ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የድርጅቱ ነው ብትል ደግሞ ከዘበኛው ጎን ያለችው ክፍል ትጠብቃታለች። ብርጭቆዎቹ ታዩዋት። ግንባሩ ላይ ላብ ያቸፈፈውን ያንን ልጅም አየችው፤ አሥራ ሁለት ዓመቱ ሳለ በዚህ ግቢ ኩፍኝ ይዞት እሷ ያስታመመችው። ሁለቱንም የሚያተርፍ ቃል ፈለገች።

«ቤቱ የዘርአጽዮንና የኔ ነው» አለች። «እነዚህን የስፌት መኪናዎች ወንድሜ ለአንድ ቀን አስቀምጪልኝ ብሎኝ ነው። ሌላ ነገር የለበትም። ለአንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ። አይደለም እንዴ፣ ጸጋይ?»

በሩን ከፍታለት ነበር። አዎ ቢል እህቱ የረዳችው፣ አንድ ቀን ዕቃ ያስቀመጠ ሰው ሆኖ ይወጣል፤ እሷም ቤቷ ውስጥ ትቀራለች። ሁሉም እሱን ያያሉ። ጸጋይ ከንፈሩን አረጠበ። የስፌት መኪናዎቹን ባለቤት አሰበ መሰል፣ አክሲዮኑን አሰበ መሰል፣ እግዜር ይወቅ።

«ይቅርታ አድርጉልን» አለ፣ ድምጹን እንደ ሚስቱ ዝቅ አድርጎ። «እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ጤና የላትም። እንዲህ እንዲህ ያሰኛታል። ቤቱ የድርጅቱ ነው፤ ወረቀቱም የሚለው ይህንኑ ነው።»

ሳሎን ውስጥ ሴቶቹ መርገጣቸውን አላቆሙም፤ ያ ባዶ ጫጫታ እስከ ጓሮ ይሰማል። ሃረገወይን አላለቀሰችም። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አቆመችው፤ ዳግመኛም አልነካችውም።

«ወረቀቱ የድርጅቱ ነው ካለ የድርጅቱ ነው» አሉ ዱባለ በመጨረሻ። «ድርጅቱ ግን እዚህ ቤት ሥራ የለውም። ክር የሌለው ፋብሪካ እኔ አላየሁም። ስለዚህ ትርፍ ቤት ነው።» ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ፤ ወዲያው መልሰው አወለቁት። «አዎ ብለው ቢሆን ኖሮ አቶ ጸጋይ፣ የእህትዎ መኖሪያ ብዬ እመዘግበው ነበር። ሦስታችንም ለዚያ ነበር አፍ አፍዎን የምናየው።»

ምሽት ሳይደርስ ስፌት መኪናዎቹን ያጋዘው የጭነት መኪና መጣ፤ ሴቶቹ ጨርቁን ትተው ተራ በተራ ወጡ። አልጋውን ሰርቪስ ካስገቡት ኩሊዎች ይልቅ ዱባለና ሁለቱ ሰዎች ወደ መኝታ ቤቱ ሲመልሱት የበለጠ ተንገዳገዱ፤ ያም ሆኖ አንሶላው አልወደቀም። ሸሪፋ ከአጥሩ ማዶ ስታይ ነበር፤ ሳትጠራ መጥታ ሳሎኑን ጠረገችላት። «ከእንግዲህ የቀበሌው ተከራይ ነዎት» አሉ ዱባለ፣ አንገታቸውን ደፍተው። «ኪራዩ ትንሽ ነው የሚሆነው፤ እኔ አለሁ።»

«ድንኳኑን ውሰዱት» አለች። «ደንቡ ደንብ ነው። ተከራይ አደራ አይጠብቅም።»

ዱባለ ወደ ሰርቪሱ አዩ። «ዕድሩ ወረቀት ጠይቆ አያውቅም እትዬ» አሉና፣ ድንኳኑን ሳይነኩት ሄዱ።

ጀንበር ስትጠልቅ የግቢው በር ተንኳኳ። በቀዳዳው አየች። ሁለት ኩሊዎች ቡፌውን በጋሪ ይዘው ቆመዋል፤ የኣምለሰት ብርጭቆዎች ወጥተዋል፣ ዳንቴሉ ግን ተረስቶ ከላዩ ቀርቷል። ከኋላቸው ጸጋይ ነው። ካኪ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጥሎታል፤ ያለሱ ያ ከአክሱም የመጣው ልጅ መሰላት። በዚህ በር ሲገባ አንድ ቀን አስፈቅዶ አያውቅም። ዛሬ ቆመ።

«ልግባ፣ እትዬ?» አለ።

«እኔ ተከራይ ነኝ» አለችው። «ቀበሌውን ጠይቅ።»

ከዚያ ሁለቱንም የበሩን ክንፎች ለኩሊዎቹ ከፈተችላቸው፤ ቡፌው በአንዱ ብቻ አያልፍም ነበር።